ሰው ይበላል የተባለው ዛፍ

ኅዳር በገባ ቁጥር ጓሮዬ አረቄ አረቄ ይሸታል። እንግዳ ሲመጣ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ በጎን ያየኛል፤ «ወይዘሮ አበቡ በስተርጅና ጀመሩ እንዴ?» ሳይል አይቀርም በሆዱ። እኔም ስሜ ከሚጠፋ ብዬ እጁን ይዤ ከቤቱ ጀርባ እወስደዋለሁ። እዚያ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ከጌሾው አጠገብ የእንጆሪ ዛፌ ቆሟል። ያልተለቀመው ቀይ ፍሬ ከሥሩ ተነጥፏል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይብላላል፤ ንቦቹ እሱን ቀስመው መንገድ ይስታሉ። እንግዳው ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ። ግን ያ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ፣ በተለይ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዓይኔ ልጄን ፍለጋ ወደ ዛፉ ሥር ይሄዳል። ልጄ ራሷ የልጆች እናት ሆናለች። እኔ ግን አሁንም ሽታው ሲነካኝ ጎንበስ ብዬ ትንፋሿን የማዳምጥ ይመስለኛል።

ያኔ ፍኖተ ሰላም እንዲህ ባጃጅ የሚርመሰመስባት ከተማ አልነበረችም፤ ጋሪ ነበር። ከመነኻሪያው እስከ ገበያው የፈረስ ቃጭል ሲንሿሿ ይውላል፤ አቧራው ከፈንድያው ሽታ ጋር ተደባልቆ ነጠላችን ላይ ያርፋል። ለሽማግሌዎቹ ከተማዋ ገና በድሮ ስሟ ወጀት ነበረች፤ «ወጀት ወርጄ መጣሁ» ይሉ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ስብሰባ በዝቷል፤ መሬት ሊለካ ነው፣ ሊከፋፈል ነው ይባላል፤ ወንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩና ሴት ስትመጣ ስለ ዝናብ ይጀምራሉ። እኔ ከዚያ ሁሉ አጥርቼ የማስታውሰው ኮንጎ ጫማዬን ነው። ፀሐይ ሲመታው እግር ይጠብሳል፣ ዝናብ ሲመጣ እንደ እንቁራሪት ይጮኻል፤ ቢሆንም አዲስ ኮንጎ አድርጋ ገበያ የወጣች ሴት አካሄዷ ሌላ ነበር። ሸብሸቦ ቀሚስ፣ ሽፎን ሻርፕ፣ በጠጉራችን ላይ ቅቤ። አንድ ብር ይዛ የወጣች አምስት ዕንቁላል ይዛ ትገባለች። ካሴት ቤቱ ደጃፍ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ አንዱን የማሲንቆ ዘፈን ሲደጋግም ይውላል፤ ጋሪ ነጂዎቹ ግጥሙን በቃላቸው ይዘው ፈረሶቻቸውን ይሰድቡበታል።

ባሌ ከባድ መኪና ላይ ረዳት ስለነበር ወር ሙሉ የማላየው ጊዜ አለ። የምኖረው ከእናቱ ጋር ነበር፤ እማማ ጥሩወርቅ እንላቸዋለን። አረቄ አውጪ ናቸው። ምላሳቸው ካወጡት አረቄ የማይለይ፣ ልባቸው ግን ደግ ሴት ነበሩ። በዚያ ቤት አንድ ልጅ ነበረችን፤ ስመኝ። እግሯ ከጸና ጀምሮ ቀኑን ሙሉ አያቷን ተከትላ ስትዞር ትውላለች፤ እማማ ሲያነፍሱ ታነፍሳለች፣ ሲጠነስሱ ትጠነስሳለች፣ ሲሳደቡም ትሳደባለች።

አረቄ ያለ ማሰሮ አይወጣም። ማሰሮ ደግሞ ያለ እትዬ ዘነቡ አይገኝም። እትዬ ዘነቡ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ወደ ላህ ወንዝ ሲወረድ ከከተማው ጫፍ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሳቸው ማሰሮ እሳት ላይ አይሰነጠቅም፣ አያልብም። ግን በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራውም፣ ብረት የሚቀጠቅጠውም ቡዳ ነው ይባላል፤ ቡዳ ደግሞ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ስለዚህ ማሰሮውን እንገዛለን፣ ልጆቻችንን በነጠላ እንሸፍናለን። እጃቸውን እንወዳለን፣ ዓይናቸውን እንፈራለን። እኔም እንደሰዉ ነበርሁ። አሁንም ቢሆን ቡዳ የሚባል የለም ብዬ ገበያ መሃል ቆሜ አልምልም፤ እንዲያው ፈሪ ነኝ፣ ተፈጥሮዬ ነው። እትዬ ዘነቡን ሳገኝ እጅ እነሳለሁ፣ አንቱ እላለሁ፣ ዓይን ለዓይን ግን አልተያይም።

አንድ ቅዳሜ ማሰሮ ልገዛ ሄድሁ። ስመኝን፣ ያኔ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ በጀርባዬ አዝዬ፣ ፊቷን ሸፍኜ። እትዬ ዘነቡ ሸክላቸውን ገበያው ዳር ደርድረዋል፤ ከገሉ መሃል አንድ አፉ የተሸረፈ ማሰሮ አለ፣ በውስጡ አረንጓዴ ችግኝ በቅሎበታል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው እትዬ ዘነቡ?» አልኋቸው።

«የእንጆሪ ዛፍ ነው አሉ። ቡሬ ችግኝ ጣቢያ ዘበኛ የሆነው ወንድሜ ነው የሰጠኝ። ፈረንጅ ያመጣው ነው፤ የሚተክለው ጠፍቶ ሊጣል ሲል አሳዘነው።»

«እንጆሪ ከመቼ ወዲህ ነው ዛፍ የሆነ? እኛ የምናውቀው ገደል ለገደል የሚንጠለጠለውን እሾሃሙን።»

«እኔስ ብሆን ያንኑ አይደል ያልሁት። ውሰጅው፤ አንቺ ጓሮ አለሽ፣ እኔ ያለኝ ድንጋይ ነው።»

«ፍሬውስ?»

«ሰው ይበላል» አሉኝ።

አጠገባችን በርበሬ የምትሰፍር ሴት ነበረች። እጇ በአየር ላይ ቀረ። እትዬ ዘነቡም ከአፋቸው የወጣው ቃል ወደ ጆሯቸው ሲመለስ ነው መሰል ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሰው ይበላዋል ማለቴ ነው» አሉ ቶሎ ብለው፤ «የሚበላው ሰው ነው፤ ወፍም ይበላዋል…» ባሰባቸው። አንዴ «ሰው ይበላል» የሚለው ቃል ከሸክላ ሠሪ አፍ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያርሙት ማን ይሰማል? በርበሬ ሻጯ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አደረገች።

ችግኙን መቀበል ፈራሁ። ቡዳ የሰጠውን እምቢ ማለት ደግሞ ይብሳል ሲባል ሰምቻለሁና እምቢ ማለትም ፈራሁ። ከሁለቱ ፍርሃት የቀለለውን መርጬ ተቀበልሁ። እትዬ ዘነቡ ደስ ብሏቸው ከገሉ ሥር አንዲት ከጣሳ የማትበልጥ ማሰሮ አወጡ፤ ክዳን አላት፣ ጆሮም አላት፣ ልክ እንደ ትልቁ። «ይቺ ደግሞ ለልጅሽ፣ ለዕቃ ዕቃዋ» አሉኝ። ስመኝ ከጀርባዬ እጇን በነጠላው ቀዳዳ አሾልካ ተቀበለች። ፊቷን አላዩትም። እጇን ግን አይተዋል፤ እኔም ያንን እያሰብሁ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

እኔ ቤት ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይላሉ፤ ይሄኛው ግን በጋሪ ነው የሄደው። ዘነቡ ሰው የሚበላ ዛፍ ለአበቡ ሰጠቻት ተባለ። ጎረቤታችን አያ ደሴ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ችግኙን ተመለከቱና «ቢቀርብሽ ይሻላል» አሉኝ። አያ ደሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቤታችን ሲያፈስስ ጣራ ላይ የሚወጡልን እሳቸው ናቸው። እማማ ጥሩወርቅም እርግማናቸውን አወረዱብኝ፤ ሆኖም ማሰሮው ጥሩ ስለነበረ ዛፉን ንቀዪ ሳይሉ ቀሩ።

ዛፉ አደገ። ባላደገ ኖሮ እያልሁ የተመኘሁበት ቀን ብዙ ነው። በጋው ሁሉን ሲያደርቅ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ «ምን እየጠጣ ነው እንዲህ የሚለመልም?» ይሉኛል። ልጡ እየቀላ ይላጥ ጀመር፤ «ደም» ይላሉ። በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አበባ አወጣ፤ ነጭ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ የጋሪ ፈረስ ቃጭል የሚመስል። ዓመት ጠብቆ ያ አበባ ፍሬ ሆኖ ሲቀላ አዲስ አበባ ከጎኑ ፈነዳ። አበባና ፍሬ ባንድ ቅርንጫፍ! ሎሚም እኮ እንዲህ ያደርጋል ብላቸው ማን ይስማኝ። ማለዳ ማለዳ ነጠላዬን ተከናንቤ ሄጄ አየዋለሁ፤ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ቅጠሉ ሲንቀሳቀስ ነፋስ መሆኑን ለማረጋገጥ የጌሾውን ቅጠል ደግሞ አያለሁ።

የመጀመሪያው ፍሬ ሲበስል ስመኝ ካልበላሁ ብላ አለቀሰች። ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ ይላል የአገሬ ሰው። አማትቤ አንዷን ፍሬ አፌ ውስጥ ጣልኋት። ላይዋ ጉጥ ጉጥ ያለ፣ ውስጧ ቢጫ፣ ጣፋጭነቱ ያነሰ፣ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚል። ይሄን ነው እንግዲህ ያን ያህል የፈራሁት። በሩ ላይ ተቀምጬ ሞቴን ጠበቅሁ። እስከ ማታ ሳልሞት ስቀር ለስመኝም ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ያ ዛፍ የሷ ሆነ። ከሥሩ ጎጆ ቢጤ ሠራች፣ እትዬ ዘነቡ የሰጧትን ትንሽ ማሰሮ እዚያ ጎለተች፣ ጠዋት ወጥታ ለምሳ ነው የምትገባው።

ያ የማልረሳው ቀን የገበያ ቀን ነበር፤ ስመኝ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። እማማ ጥሩወርቅ አረቄያቸውን ይዘው ወጥተዋል፤ እኔ ልብስ አጥባለሁ። ስመኝ ለምሳ ሳትመጣ ቀረች። ጠራኋት፣ ዝም። ከቤቱ ጀርባ ስዞር ዛፉ ሥር ተዘርግታለች፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ አፏ ከፈት ብሏል፣ ግንባሯን ላብ አጥምቆታል። ፍሬው ዙሪያዋን ተበትኗል። አነሣኋት፤ አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ። ጮህሁ። እንዴት እንደጮህሁ አላውቅም፤ አያ ደሴ በበሩ ሳይሆን በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ነው የገቡት።

ቤቱ በሰው ሞላ። እማማ ጥሩወርቅን ከገበያ ጠርተው አመጧቸው። ልጅቱን ገና ከበሩ ሲያይዋት ደረታቸውን መቱ። «ተበላች! ልጄ ተበላች!» አሉ። እኔ ሐኪም ቤት ልውሰዳት አልሁ፤ ሐኪም ቤቱ እኮ በጋሪ ቅርብ ነው። ሰዉ በሩን ዘጋብኝ። ቡዳ የበላው ሰው መርፌ ከነካው ይሞታል ይባላል፤ ያልሰማ የለም፣ እኔም ሰምቻለሁ። «ልትገድያት ነው? አስቀድሞ የበላት ይትፋባት፣ ከዚያ ትወስጃታለሽ» አሉኝ። እንዲያ ነበር ደንቡ፤ የበላ ሰው መጥቶ በተበላው ላይ እንትፍ ካለ ይለቀዋል። ጤና አዳም ጨምቀው በአፍንጫዋ ከተቱባት። ነጭ ሽንኩርት አሸተቷት። የላስቲክ ቁራጭ ለኩሰው አጤሱባት፤ ቤቱ ጠቆረ፣ ሁላችንም አሳለን። በዚያ ጭስ የልጄ ሽታ ጠፋብኝ።

ሁሉም ባንድ ቃል ይጮኻሉ። «ማን በላሽ? ተናገሪ፣ ማን በላሽ?»

ስመኝ ዓይኗን ሳትገልጥ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሰዉ ወደ አፏ ተጠጋ። «የእትዬ ዘነቡ…» አለች፤ ቀሪውን ዋጠችው።

ከዚያ በላይ ምስክር ማን ይፈልጋል? የተበላ ሰው ይለፈልፋል፣ የበላውን ይጠራል፤ ጠራች። ወንዶቹ ዱላቸውን አንስተው ወጡ። አያ ደሴ ምሳራቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ዛፉን ሲመቱት ድምፁ ይሰማኛል፣ ጧ… ጧ… እኔ ልጄን ታቅፌ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ልጄ እንዳትሞት እፈራለሁ። እትዬ ዘነቡን ምን ያደርጓቸው ይሆን ብዬም እፈራለሁ። ደግሞ ዘነቡ እውነት በልታት ከሆነስ እያልሁ የታቀፍኋትን ልጅ ፊት በነጠላዬ እሸፍናለሁ። ሰው እንዲያ ሦስቱን ባንዴ መፍራት እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

አመጧቸው። ሲመጡ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው፤ ሸክላ እያቦኩ አንስተዋቸዋል። ሻሻቸው ወልቋል። በመንገድ ላይ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ከቅንድባቸው በላይ ደም ነበር። አንቱ የሚባሉትን ሴት የልጅ ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ ሁሉ «አንቺ!» ይላቸዋል።

«ትፊባት!»

«እኔ ምን አደረግኋት ልጆቼ?»

«ትፊባት ብለናል! ልጅቱ ራሷ ጠርታሻለች!»

እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ቆሙ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፣ አልተንቀጠቀጠም ግን። «ብተፋባት ቡዳ ነኝ ማለቴ ነው» አሉ፤ «ነገም ከነገ ወዲያም የማንም ልጅ ባሳለ ቁጥር ትመጡብኛላችሁ። ባልተፋባት ደግሞ ዛሬውኑ ገዳይ ነኝ። የትኛውን ልሁን? እናንተው ንገሩኝ።»

አያ ደሴ ምሳራቸውን እንደያዙ ከጓሮ መጥተው በሩ ጋ ቆመዋል። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እናት ናት፣ እሷ ትለምናት፣ እሷ ትፊልኝ ትበል። እትዬ ዘነቡን አየሁ፤ እውነቱን ለመናገር ዓይን ለዓይን ያየኋቸው ያኔ ነው። ዓይናቸው ውስጥ ያለው እኔ ውስጥ ያለው ነው፤ ፍርሃት። ሰው የሚበላ ነገር እንዲህ አይፈራም ብዬ አሰብሁ። ወይም ኋላ ነው ያሰብሁት፤ እጄ ግን ያኔውኑ ነጠላውን ከልጄ ፊት ላይ ገለጠ።

«እትዬ ዘነቡ» አልሁ፣ «እስቲ ልጄን ይዩልኝ።»

እማማ ጥሩወርቅ ኡኡ አሉ። አንዲቷ ሴት የራሷን ልጅ ዓይን በእጇ ጋረደች። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪን ልጄን ይዩልኝ ያላት ሰው ከኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። እትዬ ዘነቡ ቀስ ብለው መጥተው ተንበረከኩ። ጭቃ የደረቀበትን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና የስመኝን ግንባር ነኩ። አጎነበሱ። ሰዉ ትተፋለች ብሎ ትንፋሹን ዋጠ።

«ስመኝ» አሉ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «የኔ እመቤት፣ ምን በላሽ?»

«ሰማችሁ? ሰማችሁ? ምን በላሽ ትላታለች! ራሷ በልታ!» አለ አንዱ ከኋላ። ዱላው ከፍ አለ።

ስመኝ አንድ ዓይኗን ገለጠች። እንደተቆጣ ሰው ተመለከተችን። «አልበላሁም» አለች፤ ምላሷ ተሳስሯል፤ «ጠላዬን ነው የጠጣሁ። የእትዬ ዘነቡ ማሰሮ… ሞልቶ ነበር እኮ።» ከዚያ አስታወከች፤ ጠጠር ጠጠር ያለ ቀይ ነገር በቀሚሴ ላይ።

እማማ ጥሩወርቅ ኡኡታቸው መሃል ላይ ተቋረጠ። አፍንጫቸው ነፋ አለ። ሕይወታቸውን ሙሉ በአፍንጫቸው ያደሩ ሴት ናቸው። ሰዉን ገፍተው መጡ፣ ልጅቱን አገጯን ይዘው አሸተቷት፣ ደግመው አሸተቷት። «ወይ ጉዴ!» አሉ። «ወይ ጉዴ፣ ወይ ጉዴ! ይቺ ልጅ ሰክራለች!»

ጓሮ ወጥተን አየን። አያ ደሴ ከቆረጡት ጎን ማዶ፣ ቅጠል ተከምሮበት፣ ያቺ ትንሽ ማሰሮ ነበረች። ስመኝ የወደቀውን ፍሬ በውኃ አሽታ፣ ከድና፣ አፏን በጭቃ መርጋ፣ አያቷ እንደሚያደርጉት ፀሐይ ላይ አሰንብታዋለች። ጥንስሷ ደርሷል። ግማሹን ጠጥታዋለች። ማሰሮዋ የእትዬ ዘነቡ ስለሆነች አላፈሰሰችም፣ አልሰነጠቀችም።

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ዱላ የያዘውም፣ ላስቲክ ያጤሰውም፣ በእንባቸው እስኪታጠቡ ሳቁ፤ ሲፈራ የዋለ ሰው ሣቅ ደስ አይልም። እኔ አልሳቅሁም፤ ጋሪ ጠርቼ ልጄን ሐኪም ቤት ወሰድሁ። ነርሷ ስኳር በውኃ በጥብጣ ሰጠቻትና ትተኛ አለችኝ። ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። እትዬ ዘነቡ ሄደዋል። ሻሻቸው በራችን ላይ ወድቆ አገኘሁት፤ አጥቤ፣ አጥፌ መለስሁላቸው። ይቅርታ የጠየቃቸው እንዳለ አልሰማሁም። አያ ደሴ ብቻ በማግሥቱ አንድ ቁና ጤፍ ወስደው ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው ነው የመጡት፤ ሳያንኳኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ልጅቱ ሰክራ እንጂ ተበልታ እንዳልነበረ ከተማው ሁሉ አወቀ፤ ግን በዘነቡ ዛፍ ነው የሰከረችው አለ። ዛፉ ሰው ይበላል ብላ የለ፣ አለ። ክረምቱ ሳይገባ እትዬ ዘነቡ ዕቃቸውን ጭነው ቡሬ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። እማማ ጥሩወርቅ ማሰሮ እስከ መራዊ ድረስ እያስፈለጉ፣ የተገኘውም እያፈሰሰባቸው፣ እስኪሞቱ ድረስ «እጅ ማለት የዘነቡ ነበር» ይሉ ነበር። ዛፉ ምሳሩ ያገኘው ጎኑ ደረቀ፤ ከሥሩ ሌላ ግንድ አወጣ። አሁን የምታዩት ያ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስመኝ ከቡሬ ደወለችልኝ፤ ኑሮዋ እዚያ ነው። «እማዬ፣ እትዬ ዘነቡ ታመው ተኝተዋል፤ እህል አልወርድ ብሏቸዋል አሉ» አለችኝ። ማለዳ ተነስቼ ፍሬ ለቀምሁ፣ ያልተላጠ ያልፈነዳውን መርጬ፣ በትንሽ ሰፌድ አድርጌ ሸፈንሁና ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ በስልኩ ዘፈን ይሰማል፤ ያ የድሮው የማሲንቆ ዘፈን ቢሆን ብዬ ጆሮዬን ጣልሁ፣ አይደለም። መንገዱን ሁሉ ሰፌዱን ጭኔ ላይ እንደያዝሁ ነው። ምን እንደምላቸው አላውቅም።

የወንድማቸው ልጅ በር ከፈተችልኝ። እትዬ ዘነቡ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ እጅግ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ጠፍቷል። ያ ከተማው ሁሉ የሸሸው ዓይን ነጭ ሆኗል።

«ማን ናት?»

«አበቡ ነኝ፤ የፍኖተ ሰላሟ። የስመኝ እናት።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «እሷስ ጠላ መጥመቁን ተወች?» አሉኝ።

ሳቅሁ፤ እንባዬም መጣ። የወንድማቸው ልጅ ውኃ እያቀረበችልኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አክስቴ እንዲህ ናት፤ ነገሯ ሁሉ በወግ ነው» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ አላት። ‹በላሁ› አትልም። ‹ቀመስሁ› ነው የምትል። ልጆቹንም ‹ቅመሱ› እንጂ ‹ብሉ› ስትል ሰምተን አናውቅም። ለምን እንደሆነ አናውቅም።»

እኔ አውቃለሁ፤ አልነገርኋትም። ሰፌዱን ገልጬ እጃቸው ላይ አንድ ፍሬ አኖርሁላቸው። በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጉጡን ሲያገኙት ቆሙ። ማሰሮ ሠርተው ሲጨርሱ ዙሪያውን እንዲሁ ነበር የሚዳስሱት።

«ቆርጠውት አልነበር?»

«በቅሏል። በየዓመቱ ያፈራል።» እጃቸውን ወደ አፋቸው ገፋ አደረግሁት። «ይብሉ እንጂ እትዬ ዘነቡ» አልሁ። ቃሉ አምልጦኝ ነው፤ ይቅመሱ ልል ነበር። የወንድማቸው ልጅም ደንግጣ ቀና አለች።

እትዬ ዘነቡ ፍሬውን ወደ አፋቸው አደረጉ። ጥርስ የላቸውም፤ በድዳቸው ቀስ ብለው አላመጡት። ጭማቂው በአገጫቸው ወረደ፣ በነጠላዬ ጠረግሁላቸው። ሁለተኛ ሰጠኋቸው፤ በሉት። ሦስተኛውንም።

«ደሴ አለ?» አሉኝ።

«አያ ደሴ ሞቱ እኮ፤ ቆዩ።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያስ ለዛፉ ንገሪልኝ» አሉ። ያንን ሸክላ ሲያቦካ የኖረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። «ዛሬ ሰው በላ በዪው።»